የተሳትፎ ቃጭል

ይህ የሆነው እኛ አገር አይደለም። ኋላ "እገሌን ለመንካት ነው" እንዳይባል አስቀድሞ መናገር ይሻላል። እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር አይደረግም፤ ቢደረግም ተጠንቶ ነው። ይህ የሆነው ከብዙ ወንዝ ማዶ፣ ስሙ ቢነገራችሁ የማታውቁት፣ ባይነገራችሁ ግን የምታውቁት በሚመስላችሁ አንድ አገር ነው።

በዚያ አገር ተማሪ ሁሉ አንገቱ ላይ ቃጭል ያስራል። ቃጭሉ ከነሐስ የተሠራ፣ ከእንቁላል የማይበልጥ ነው፤ በቆዳ ጠፍር ይንጠለጠላል። መምህሩ አንድ ነገር ባስረዳ ቁጥር ተማሪው አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ያቃጭላል። አንድ ጊዜ ካቃጨለ "ገባኝ" ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ከሆነ "እጅግ ገባኝ" ነው። ሦስት ጊዜ ከሆነ ደግሞ "መምህራችንን ያኑርልን" ይባላል። "አልገባኝም" ለማለት ስንት ጊዜ ማቃጨል እንደሚገባ ደንቡ አይናገርም። ደንቡን ያረቀቁት ሹማምንት ያልገባው ተማሪ ይኖራል ብለው አላሰቡም፤ አስበው ከሆነም ለእንዲህ ያለው ልጅ ቃጭል ማስጮህ የመንግሥት ነሐስ ማባከን መስሏቸው ይሆናል።

የነገሩ መነሻ እንዲህ ነው። ንጉሡ በወጣትነታቸው ከጎረቤት አገር የመጡ እንግዳ ንጉሥ አስከትለው አንድ ትምህርት ቤት ሊያስጎበኙ ገቡ። ሲገቡ ተማሪው በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ እንቅልፉን ይለጥጣል። መምህሩም ዓይናቸውን ከድነው ነበር የሚያስተምሩት፤ ድምፃቸው ብቻ ከልማድ ይወጣል። እንግዳው ንጉሥ ጨዋ ሰው ነበሩና "ጸጥታችሁ ደስ ይላል" ብለው ወጡ። የአገሩ ንጉሥ ግን በኀፍረት ያን ዕለት ምሳ አልበሉም።

ወደ ቤተ መንግሥት ሲመለሱ መንገድ ላይ የነጋዴ በቅሎዎች አጋጠሟቸው። በቅሎዎቹ ጆሯቸውን አቁመው፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው ይገሰግሳሉ፤ ያንገታቸው ቃጭል ይንቃጨላል። ንጉሡ ቆም ብለው አዩና "እነዚህስ ለምን አልተኙም?" ሲሉ ጠየቁ። አጠገባቸው የነበረው ባለሟል ንጉሥ ሲጠይቅ ዝም ማለት የማያውቅ ሰው ነበርና "ቃጭሉ ነው የሚያነቃቸው፣ ንጉሥ ሆይ" አለ። በሳምንቱ አዋጅ ተነገረ። ባለሟሉም ሊቀ ቃጭል ተብሎ ተሾመ። ፈንታሁን ይባላሉ፤ ከዚያ ወዲያ አንቱ ሆነዋል።

ሊቀ ቃጭል ፈንታሁን መሥሪያ ቤት አቋቋሙ። ቃጭል አሳሪ፣ ጠፍር ለኪ፣ ቃጭል አድማጭ የሚባሉ ሠራተኞች ተቀጠሩ። ከሁሉ የሚፈሩት አድማጮቹ ናቸው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ በማድመጫ ቀን ይመጣሉ። ወደ ክፍል ግን አይገቡም፤ ደንቡ "ዓይን ጆሮን ያታልላል" ስለሚል መግባት ክልክል ነው። ውጭ ቆመው የበሬ ቀንድ በግድግዳው ቀዳዳ ይሰኩና ጆሯቸውን ይደግኑበታል። ቃጭል በጮኸ ቁጥር አንዲት ሽምብራ ቅል ውስጥ ይጥላሉ። ተሳትፎ የሚባለው እሱ ነው። የሰው ድምፅ አይቆጠርም። አንዳንዱ አድማጭ ሽምብራውን ቤቱ ቆልቶ ይመጣና እያደመጠ ይቆረጥማል፤ እንዲህ ያለው የደረሰበት ክፍል ተሳትፎው በሰው ጥርስ አለቀ ማለት ነው። ቢሆንም ይግባኝ የለውም።

ቅሉ የከበደለት መምህር ካባ ይሸለማል። ቅሉ ከሁሉ የቀለለበት መምህር ግን የክፍሉ በር በጭቃ ይመረጋል። ልጆቹ በየክፍሉ ይበተናሉ። እሱ ራሱ ወደ ነሐስ ቤት ወርዶ ዕድሜውን ሙሉ ቃጭል ሲወለውል ይኖራል።

መምህርት ጥሩአየሁ በዚህ አገር ስታስተምር የኖረች ሴት ናት። ምላሷ ፈጣን፣ ትዕግሥቷ አጭር፣ ልቧ ግን ደህና ነው። ለቃጭል ነገር ደንታ አልነበራትም፤ ልጆቿ እንደ ሰው ልጅ ያቃጭላሉ፣ ቅሏ እንደ ሰው ቅል ይሞላል፣ ካባም አታገኝ ጭቃም አይነካት። እንዲያ ሳለች ነው እንጉዳይ የምትባል ልጅ ወደ ክፍሏ የገባችው። አባቷ በቅሎ ጫኝ ነው፤ ከገበያ ገበያ ሲዞር ይዟት ስለሚዞር ትምህርት የጀመረችው ከእኩዮቿ ዘግይታ ነው።

አንድ ቀን ጥሩአየሁ ስለ ጨረቃ ስታስተምር ክፍሉ ሁሉ ሲያቃጭል እንጉዳይ ቃጭሏን በመዳፏ ጨብጣ ተቀምጣለች።

"ምነው አንቺ ልጅ፣ ቃጭልሽ ታመመ?"

"አልታመመም እትዬ።"

"ታዲያ ለምን ታንቂዋለሽ?"

"ያሉት ነገር አልገባኝም" አለች እንጉዳይ። "አንገቴ በተነቃነቀ ቁጥር ደግሞ ቃጭሉ ገባኝ ይላል። እንዳይዋሽብኝ ብዬ ነው የያዝሁት።"

ጥሩአየሁ ደሟ ፈላ። በማስተማር በኖረችበት ዘመን ሁሉ አልገባኝም ያላት ተማሪ አልነበረም፤ ፊት ለፊት የተሰደበች መሰላት። ቢሆንም ጠየቀች።

"ምኑ ነው ያልገባሽ?"

"ጨረቃ ስትጎድል የጎደለው ወዴት ይሄዳል?"

ለካ ጥሩአየሁም አታውቀውም። ያን ሁሉ ዓመት ጨረቃ ትጎድላለች፣ ትሞላለች እያለች አስተምራለች፤ ያን ሁሉ ዓመት ሁለት ሁለት ጊዜ ተቃጭሎላታል። "ነገ እነግርሻለሁ" አለችና ቤቷ ገብታ ኩራዝ ለኩሳ፣ ሎሚ በእጇ ይዛ ስታዞር አመሸች። ጎረቤት ቢያያት ጠንቋይ ቤት ደርሳ የመጣች ይመስለው ነበር። በማግስቱ ሎሚውንና ኩራዙን ክፍል ድረስ አምጥታ መስኮቱን ዘጋችና የጎደለው የትም እንደማይሄድ ለልጆቹ አሳየቻቸው። ልጆቹ አንገታቸውን አስግገው አዩ። ያን ጊዜ ማንም አላቃጨለም፤ ሁሉም ረሳው።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ተዛመተ። ያልገባው ሁሉ ቃጭሉን መጨበጥ ጀመረ። ጥሩአየሁም ስታስተምር ጆሮዋን ትታ እጃቸውን ታይ ጀመር፤ የጨበጠ ካለ ቆም ትልና "ምኑ ነው ያልገባህ?" ትላለች። ለካ ያልገባቸው ነገር ብዙ ነበር። ዝናብ ከወንዝ ነው የሚመጣው ወይስ ወንዝ ከዝናብ? ሞኝና ብልህ በምን ይለያሉ? የንጉሡ አባት ንጉሥ ከሆኑ፣ የመጀመሪያው ንጉሥ አባት ምን ነበሩ? ይህን የመጨረሻውን ጥሩአየሁ "እሱን ስታድግ" ብላ አለፈችው። ጠዋት ጠዋት ልጆቹ ከእሷ ቀድመው በር ላይ ይጠብቋት ጀመር። እሷም ብትሆን ወደ ሥራ ስትሄድ እንደ ጉብል ትቸኩል ነበር፤ በሕይወቷ እንደዚያ ዘመን ደስ ብሏት አያውቅም።

ከክፍሏ ቀጥሎ ያለው የመምህር ወርቅአገኘሁ ክፍል ነው። እሳቸው በየዓመቱ ካባ የሚሸለሙ ሰው ናቸው፤ ካባው ከመብዛቱ የተነሳ አንዱን ለፍራሽ አድርገውታል። ከክፍላቸው ጠዋት የጀመረ ቃጭል ሳያቋርጥ እስከ ማታ ይጮኻል። አንድ ቀን ጥሩአየሁ ጠመኔ ልትዋስ ብቅ ብትል ምስጢሩን አየችው። መምህሩ የተማሪዎቹን ቃጭል ሁሉ በአንድ ሲባጎ አያይዘው የሲባጎውን ጫፍ በእግራቸው አውራ ጣት አስረውታል። ጣታቸውን ቀሰስ አድርገው ሲያንቀሳቅሱ ክፍሉ ሁሉ እጅግ ይገባዋል። ልጆቹ ድብን ብለው ተኝተዋል። መምህሩም አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው የተከፈተው።

"ጋሼ ወርቅአገኘሁ፣ ይሄ ምንድን ነው?" አለች በሹክሹክታ።

"ቀስ በይ፣ ታነቂያቸዋለሽ" አሉ መምህሩ። "መጀመሪያ በጩኸቱ መተኛት ይቸግራቸው ነበር። አሁን ለምደውት ያለ ቃጭል እንቅልፍ አይወስዳቸውም፤ ቤታቸው ሳይቀር እናቶቻቸው ናቸው እያቃጨሉ የሚያስተኟቸው።"

"ትምህርቱስ?"

"የቱ ትምህርት?" አሉና የተከፈተውን ዓይናቸውን አጠበቡ። "ስሚኝ እቴ፣ ያንቺ ክፍል ቃጭል ከተሰማበት ከረመ። አልፎ አልፎ የልጆች ወሬ ነው የሚመጣው። የማድመጫው ቀን ደርሷል፤ ጎመን በጤና ነው። ሲባጎ ከፈለግሽ ትርፍ አለኝ።"

ጥሩአየሁ ሲባጎውን አልተቀበለችም። ቤቷ ስትገባ ግን ፍርሃት ያዛት። ባለፈው ዓመት በሩ የተመረገበትን ሰው ታውቀዋለች። ስለ ከዋክብት ያስተምር የነበረ፣ ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ ሰማይ የሚያሳይ፣ ወሬ የማይጠግብ ሰው ነበር። በቅርቡ ገበያ አግኝታው "እንደምን ከረምህ?" ብትለው ጣቶቹ በነሐስ ዝገት አረንጓዴ ሆነው፣ ቃል ሳይተነፍስ አንገቱን ሁለት ጊዜ ነቅነቅ አድርጎላት አለፈ። እጅግ ገብቶት ነበር። የጥሩአየሁ ፍርሃት ይኸው ነው፤ ጭቃው ሳይሆን ያ አንገት።

ስለዚህ የማድመጫው ቀን ዋዜማ ልጆቿን ሰብስባ ለመነቻቸው።

"ልጆቼ፣ ነገ አንድ ቀን ብቻ ቃጭሉን ልቀቁት። የጨበጠ አይኑር። የማቀርብላችሁ የምታውቁትን ነው፤ ሁሉ ነገር ገብቷችኋል፣ እሺ?"

"ባይገባንስ?" አለ አንዱ።

"ነገ ይግባችሁና ከነገ ወዲያ አይግባችሁ" አለች።

ልጆቹ ሳቁ፤ እሺም አሉ። ስለሚወዷት ነው።

በዚያ ዓመት ንጉሡ ራሳቸው እመጣለሁ አሉ። አርጅተዋል፤ ከመሞታቸው በፊት የጀመሩት ሥራ ሲጮህ መስማት አማራቸው። በጠዋት በበቅሏቸው ተቀምጠው ደረሱና በቅሎዋን ከጥሩአየሁ ክፍል መስኮት ፊት ለፊት ካለው ዋርካ ሥር አሰሩላቸው። ሊቀ ቃጭል ፈንታሁን ከኋላ ከኋላቸው ይላሉ፤ ደረታቸው ላይ የሰንጋ ጭንቅላት የሚያህል ቃጭል ተንጠልጥሏል። ንጉሡ አንድ ቃል በተናገሩ ቁጥር ሦስት ጊዜ ያቃጭላሉ። ንጉሡ ሲያስሉም ያቃጭላሉ። ከእሳቸው ቀጥሎ አድማጮቹ ቀንድና ቅላቸውን ይዘዋል። ከሁሉ ኋላ መራጊው ነው፤ ጭቃውን በጭድ አቡክቶ በገንዳ አሸክሞ መጥቷል።

መጀመሪያ የመምህር ወርቅአገኘሁ ክፍል ግድግዳ ሥር ቆሙ። ከውስጥ ቃጭሉ እንደ በረዶ ይወርዳል። አድማጩ ሽምብራውን በእፍኙ ይጥል ጀመር፤ አንድ በአንድ አልደረስ አለው። ንጉሡ ደስታቸው ፊታቸው ላይ ታየ።

"ይህን ያህል ነቅተዋል?" አሉ።

"እንቅልፍ የሚባል ነገር አያውቁም፣ ንጉሥ ሆይ" አሉ ፈንታሁን፤ ቃጭላቸው ሦስት ጊዜ ጮኸ።

ከዚያ ወደ ጥሩአየሁ ክፍል ዞሩ። እሷ ከውስጥ ሆና በበሩ ስንጥቅ መራጊው እጅጌውን ሲሰበስብ አየችው። የመረጠችው ትምህርት "የቃጭል ታሪክ" የሚባለውን ነው፤ በዚያ አገር ልጅ እናቱን ከመጥራት ቀጥሎ የሚያውቀው እሱን ነው።

"ልጆች፣ በቅሎ በምን ነቃች?"

"በቅሎ በቃጭሏ ነቃች!" አሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ፤ አንገታቸውንም ነቀነቁ። ክፍሉ ተንቃጨለ። ውጭ ሽምብራው ቅሉ ውስጥ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማታል።

"ልጅስ በምን ይነቃል?"

"ልጅም በቃጭሉ ይነቃል!"

አሁንም ተንቃጨለ። ጥሩአየሁ ትንፋሿ መለስ አለላት። ዓይኗን ወደ ኋላ ወንበር ብትልክ ግን እንጉዳይ ቃጭሏን ጨብጣ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች። ጥሩአየሁ እንዳላየች ሆነች። "በቅሎ በምን ነቃች?" አለች እንደገና። ድምፁ ቀነሰ። ከእንጉዳይ ጎን ያለው ልጅም እሷ ወደምታይበት አየና ቃጭሉን ያዘ። ከፊቱ ያለችውም ዞራ አየችና ያዘች።

ጥሩአየሁ አፏ ላይ የነበረችው ቃል አንዲት ናት፤ "ልቀቂው" የምትል። ብትላት እንጉዳይ ትለቀው ነበር፤ ታዛዥ ልጅ ናት። ነገር ግን ልጅቱን ልቀቂው ካለቻት ነሐስ ቤት እስክትወርድ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ቃጭል መወልወሉን እዚሁ ጀመረችው ማለት ነው። ይህ በታያት ጊዜ ተናደደች። በማን እንደተናደደች ግን እሷም አታውቅም።

"እንጉዳይ" አለች፣ "ምኑ ነው ያልገባሽ?"

"የንጉሡ በቅሎ ተኝታለች እትዬ።"

"እህ?"

"ቆማ ተኝታለች። የታች ከንፈሯ ተንጠልጥሏል፣ አንድ የኋላ እግሯን አሳርፋለች። የአባቴም በቅሎ ስትተኛ እንደዚሁ ናት። ቃጭሉ ግን አንገቷ ላይ ነው። ታዲያ ቃጭሉ የሚያነቃት ከሆነ ለምን ተኛች?"

ልጆቹ ሁሉ ወደ መስኮቱ ተነሡ። ጥሩአየሁ ተቀመጡ አላለችም፤ እሷም ከኋላቸው ሄደች። ከዋርካው ሥር የንጉሡ በቅሎ ከነወርቅ ቀለም ቃጭሏ፣ ከነሐር ጉንጉኗ፣ ለሽ ብላለች። ልጆቹ እንዳትነቃባቸው ቃጭላቸውን ግጥም አድርገው ጨበጡና በእግር ጣታቸው ቆመው ትንፋሻቸውን ዋጡ። ክፍሉ ውስጥ አንዲትም ድምፅ ጠፋች።

ውጭ አድማጩ ሽምብራውን በጣቱ እንደያዘ ቀረ። ቀንዱን አወጣ፣ እፍ አለበት፣ መልሶ ሰካው። ምንም የለም።

"ሞቷል" አሉ ፈንታሁን። "ክፍሉ ሞቷል፣ ንጉሥ ሆይ። መራጊ፣ ቅረብ።"

መራጊው የመጀመሪያውን ጭቃ በሁለት እጁ አፈሰ።

"ቆይ" አሉ ንጉሡ። "ተኝተው ነው?" ያ የጥንቱ ኀፍረት፣ ያ ያልተበላ ምሳ ትዝ ብሏቸው ፊታቸው ጠቁሯል። "ተኝተው ከሆነ በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ።"

"አይቻልም፣ ንጉሥ ሆይ። ደንቡ ዓይን ጆሮን ያታልላል ይላል።"

"ይህን ደንብ ማን አወጣው?"

"እርስዎ ነዎት" አሉ ፈንታሁን። ትንሽ አሰቡና "በስምዎ እኛ ነን" ብለው ጨመሩ፤ ከልማድም ሦስት ጊዜ አቃጨሉ።

ንጉሡ በሩን ራሳቸው ገፍተው ገቡ። የተኛ የለም። አንድም ልጅ ወንበሩ ላይ የለም። ሁሉም አንገቱን በእጁ ይዞ፣ ጀርባውን ለንጉሥ ሰጥቶ በመስኮት ያያል። ማንም ዞሮ እጅ አልነሳም፤ አልሰሟቸውም። ንጉሡ በሕይወታቸው ጀርባ አይተው አያውቁም ነበርና ግራ ገባቸው። ቀረብ ብለው ከጥሩአየሁ ትከሻ በላይ አሻግረው አዩ።

"ምንድን ነው የምታዩት?" አሉ፤ ሳያስቡት እሳቸውም በሹክሹክታ ነበር።

"የንጉሡን በቅሎ" አለች እንጉዳይ ሳትዞር። "ዝም ይበሉ፣ ትነቃለች።"

ጥሩአየሁ ዞራ ማን እንደሆነ ስታይ እጅ ልትነሳ ጎንበስ አለች። ንጉሡ ግን እሷን አላዩም፤ በቅሏቸውን ነው የሚያዩት። በቅሎዋ የቀራት ማንኮራፋት ብቻ ነበር።

"ቃጭሏ አልወደቀም?" አሉ በመጨረሻ።

"አንገቷ ላይ ነው" አለች እንጉዳይ።

"ታዲያ ምንድን ነው በቅሎን የሚያነቃት?"

"መንገድ ነዋ" አለች ልጅቱ፣ ይህ ደግሞ ይጠየቃል እንደ ማለት። "የምትሄድበት ስታገኝ ትነቃለች። ስትሄድ ቃጭሉ ይጮኻል። ስታቆሟት ትተኛለች።"

ፈንታሁን ከበሩ ላይ ሆነው ሦስት ጊዜ አቃጨሉ። በቅሎዋ አንድ ጆሮዋን አነሳችና መልሳ ጣለችው፤ አልነቃችም። ክፍሉ ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ንጉሡም ሳቁ። ሲስቁ ጥርስ እንደሌላቸው ያን ጊዜ ነው የታየው።

ከዚያ ንጉሡ ቀጥ ብለው ወደ መምህር ወርቅአገኘሁ ክፍል ሄደው በሩን ከፈቱት። ቃጭሉ ይጮኻል፤ ልጆቹ ተኝተዋል፤ መምህሩ አሁን ሁለቱንም ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ ጣታቸው ብቻ እየሠራች ነው። ንጉሡ ጎንበስ ብለው ሲባጎውን በሰይፋቸው ቆረጡት። ጩኸቱ ቀጥ አለ። ያን ጊዜ ተማሪው ሁሉ ደንግጦ እየዘለለ ተነሣ፤ አንዲት ሕፃንም "ምን ሆነን ነው ዝም የተባለው?" ብላ አለቀሰች። መምህር ወርቅአገኘሁ ብድግ ብለው የተቆረጠውን ሲባጎ በጣታቸው እየጎተቱ እጅ ነሡ።

በሩ አልተመረገም። መራጊው ጭቃው እንዳይደርቅበት ወስዶ የራሱን ቤት መረገበት። ጥሩአየሁ ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ ብዙ አለቀሰች፤ ልጆቹ ለምን እንደምታለቅስ ስላልገባቸው ሁሉም ቃጭላቸውን ጨበጡ። ይህን ስታይ ደግሞ ሳቀች።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ መልካም ነበር። ግን ንጉሥ አይቶ የተረዳውን ሹም ሰምቶ ይጽፈዋል። ንጉሡ ቤተ መንግሥት ገብተው "የነቁት የጨበጡት ነበሩ፣ የተኙት የሚያቃጭሉት" ብለው ተናገሩ፤ ፈንታሁንም ይህን ይዘው ከሹማምንቶቻቸው ጋር ተዘግተው ሰነበቱ። ሲወጡ አዲስ አዋጅ ይዘው ወጡ። ከዛሬ ጀምሮ ተማሪ ሁሉ ከጠዋት እስከ ማታ ቃጭሉን ጨብጦ ይቀመጥ። የለቀቀ እንደተኛ ይቆጠራል። አድማጮችም ከእንግዲህ በየቀኑ እየመጡ፣ ቃጭል ሳይሰሙ በቆዩ ቁጥር ሽምብራ ይጣሉ። በየትምህርት ቤቱ በር "ዝም አይነቅዝም" የሚል ተሰቀለ። ፈንታሁን ሊቀ ዝምታ ተባሉ፤ ደረታቸው ላይ ያለውን ትልቅ ቃጭል የሚጨብጥላቸው አንድ ሎሌም ተጨመረላቸው።

ለጥሩአየሁ ሽልማት መጣላት። ምላስ የሌለው የወርቅ ቃጭል ነው።

መምህር ወርቅአገኘሁ ለጥቂት ቀን ተጨነቁና መላ አገኙ። የልጆቹን ቃጭል በሙሉ በጥጥ ወተፉት። አሁን ክፍላቸው ጸጥ ያለ ነው፤ በአገሩ እንደ እሳቸው ያለ ተሳትፎ የለም። "ጥጥ ከፈለግሽ ትርፍ አለኝ እቴ" ብለው ላኩባት። ልጆቹም አዲሱን እንቅልፍ ቶሎ ለመዱት።

ጥሩአየሁ በአዲሱ ደንብ የመጀመሪያው ቀን ክፍል ገብታ ልጆቿን አየች። ሁሉም ቃጭሉን ጨብጧል። የገባውም ያልገባውም አንድ ዓይነት ነው። ውጭ ቀንድ በግድግዳው ገብቷል፤ ሽምብራው በየመሃሉ ጠብ ይላል። እንዴት እንደምታስተምር ጠፋት። ዝናብ ከየት እንደሚመጣ ጀመረች፤ ስለ ባሕር ተናገረች፣ ስለ ፀሐይ ተናገረች። እጃቸውን አየች፣ ዓይናቸውን አየች። የሚያስቆማት የለም። ገብቷቸው ይሁን ፈርተው አታውቅም። ያን ሁሉ አልፋ እንደገና ብቻዋን የምታወራ ሴት የሆነች መስሏት ልቧ ወረደ።

"እንግዲህ ውኃው ወደ ሰማይ ይወጣል" አለች ደክሟት፣ "ደመናም ይሆናል።"

ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር አንዲት ቃጭል አንድ ጊዜ ጮኸች።

አድማጩ ውጭ ሲያጉረመርም ተሰማ። ልጆቹ ሁሉ ዞሩ። እንጉዳይ ጠፍሩን ይዛ፣ ቃጭሉን ለቃ፣ ጥሩአየሁን ቀጥ አድርጋ ታያለች። ጥሩአየሁ ጠመኔዋን አስቀመጠችና ወደ እሷ ሄደች።

"እሺ" አለች፣ "ምኑ ነው ያልገባሽ?"